ለውጡን ማን አነበበው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ በቴክኖሎጂ ዓምድ ላይ ስለ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር፣ ማለትም የተጻፈበት ኮድ ለማንም ክፍት ስለሆነ ፕሮግራም፣ የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ጉዳዩን ለአጠቃላይ አንባቢ በማቅረባቸው ሊመሰገኑ ይገባል። ሆኖም ሁለት ዓረፍተ ነገሮች እንቅልፍ ነሱኝ። አንደኛው፣ ክፍት ምንጭ ማለት ማንም ሰው ከየትም ተነሥቶ የፈለገውን ኮድ የሚጨምርበት ሶፍትዌር ነው ይላል። ሁለተኛው፣ እንዲህ ያለው ሶፍትዌር የሚታመነው ሺህ ዓይን ስለሚያየው ነው ይላል። እኔ በዚህ ሥራ 11 ዓመት ቆይቻለሁ፤ በጽሑፍ ውስጥ የሰፈረን ቀንና ሰዓት አንብቦ ኮምፒውተር ወደሚረዳው ቁጥር የሚለውጥ አንድ ትንሽ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ) ከሚንከባከቡት አራት ሰዎች አንዷ ነኝ። ካየሁት ተነሥቼ ስናገር ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች ልክ አይደሉም። ማንም ሰው ለውጥ መላክ ይችላል፤ መጨመር ግን አይችልም። በመላክና በመጨመር መካከል አንድ ሰው ተቀምጦ ያነባል። ሶፍትዌሩ ከታመነ የሚታመነው በዚያ ሰው ንባብ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ልግለጽ። አንድ ሰው በኮዱ ውስጥ ስህተት አግኝቶ ሲያርም ሙሉውን ፕሮግራም አይልክም። የሚልከው ልዩነቱን ብቻ ነው፤ የወጡት መስመሮች ፊታቸው ላይ የመቀነስ ምልክት፣ የገቡት የመደመር ምልክት ይይዛሉ፤ ቦታውን ለማሳየት ከላይና ከታች ያልተነኩ ጥቂት መስመሮች አብረው ይሄዳሉ። ይህ ፓች ይባላል። የልዩነቱን ጽሑፍ ተቀብሎ በዋናው ኮድ ላይ የሚያሳርፈውን ፕሮግራም ፕሮግራመሩ ላሪ ዎል እ.ኤ.አ. በ1985 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በዚሁ አቆጣጠር ነው) ከለቀቀው በኋላ ተራርቀው የሚኖሩ ሰዎች በአንድ ኮድ ላይ አብረው መሥራት ቀለላቸው። ቃሉ ከዚያ በፊትም ነበር። ፕሮግራም በተበሳ ወረቀት ላይ ይጻፍ በነበረበት ዘመን የተሳሳተውን ቀዳዳ በእራፊ ወረቀት ይደፍኑት ነበር። በአማርኛ "ጻፈ" የሚለውን ብዙ ሰው ሲናገር "ጣፈ" ይለዋል፤ "ጣፈ" ደግሞ የተቀደደ ልብስ ላይ እራፊ አደረገ ማለትም ነው። ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም፤ ኮድ ስንጽፍ አብዛኛውን ጊዜ የምንጥፈው ሌላ ሰው የሰፋውን ልብስ ነው።

ለውጡ ሲደርስ በመጀመሪያ ማሽን ይፈትነዋል። ኮዱ በትክክል መሥራቱን እንዲሞክሩ ቀደም ሲል የተጻፉት ፍተሻዎች በሙሉ ይካሄዳሉ፤ አንዱ ከወደቀ ቀይ ምልክት ይታያል። ከዚያ ሰው ያነበዋል። ገምጋሚው ከመስመሮቹ ሥር አስተያየቱን ይጽፋል፣ ላኪው አርሞ ይመልሳል፣ እንደገና ይነበባል። በመጨረሻ ወደ ዋናው ኮድ የማስገባት ሥልጣን ያለው ሰው ያጸድቀዋል ወይም ይመልሰዋል። ይህን ሰው ባለሙያዎች ሜይንቴይነር ይሉታል፤ እኔ ተንከባካቢ እለዋለሁ። ዝርዝሩ ከፕሮጀክት ፕሮጀክት ይለያያል። ለምሳሌ ብዙ የክፍት ምንጭ ፕሮጀክቶችን በሚያቅፈው በአፓቺ ፋውንዴሽን ሥር ባሉ ፕሮጀክቶች የተስማማ "መደመር አንድ"፣ የተቃወመ "መቀነስ አንድ" ብሎ ድምፁን ይሰጣል። በኮድ ለውጥ ላይ ድምፅ የመስጠት መብት ያለው የአንድ ሰው ተቃውሞ ብቻውን ለውጡን ያግደዋል። ግን ተቃዋሚው ቴክኒካዊ ምክንያቱን መጻፍ አለበት፤ ካልጻፈ ተቃውሞው እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። ይህን ደንብ በጣም እወደዋለሁ። ለአንድ ሰው ብዙ ሰዎችን የማስቆም ሥልጣን ሰጥቶ፣ በዚያው ላይ ምክንያቱን እንዲያስረዳ ያስገድደዋል።

የእኔ የመጀመሪያ ፓች ሦስት መስመር ነበር። ላይብረሪው "ፌብሩዋሪ 29" የሚለውን ቀን በአንዳንድ ዓመታት አልቀበልም ይል ነበርና "ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪ ከሌለው ተቀበል" የሚል ኮድ ጽፌ ላክሁ። ከሁለት ቀን በኋላ የመጣልኝ አስተያየት አንድ ቁጥርና አንድ የጥያቄ ምልክት ብቻ ነበር፦ "1900?" በግሪጎሪያን አቆጣጠር መቶ የሚዘጋ ዓመት ለ400 ካልተካፈለ 366 ቀን አይኖረውም። 2000 ነበረው፣ 1900 አልነበረውም፣ 2100 አይኖረውም። ደንቡን አውቀዋለሁ፤ ስጽፍ ግን አላሰብኩትም። አርሜ መለስኩ። ገምጋሚው ለሦስቱም ዓመታት ፍተሻ ጨምሪ አለኝ፤ ጨመርኩ። ቀጥሎ የለውጡ ማብራሪያ ላይ ደረሰ። "የቀን ስህተት ተስተካከለ" ብዬ ነበር የጻፍኩት። "ምን እንደለወጥሽ ኮዱ ይነግረኛል፤ ለምን እንደለወጥሽ የምትነግሪኝ አንቺ ነሽ" የሚል መልስ መጣ። ሦስት መስመር ለማስገባት 19 ቀን ፈጀብኝ። በመካከሉ ተናድጄ ኮምፒውተሬን ዘግቼ የተነሣሁበት ቀን ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ ያንኑ ክፍል ለመቀየር ስከፍተው ለምን እንዲያ እንዳደረግኩት ጨርሶ ረስቼዋለሁ። ያስታወሰኝ በግድ ያስጻፈኝ ማብራሪያ ነው።

ከትንሹ ላይብረሪ ወደ ትልቁ ልሂድ። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድረው የሊኑክስ ሥርዓት እምብርት፣ ዛሬ በየ9 ወይም በየ10 ሳምንቱ አዲስ እትም ይወጣለታል፤ በአንድ እትም ከ10,000 በላይ ለውጦች የሚገቡበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን ሁሉ አንድ ሰው አንብቦ አይጨርሰውም። ስለዚህ ኮዱ በየክፍሉ ተከፋፍሎ ለየክፍሉ ተንከባካቢ ተመድቦለታል፤ የእነርሱም ስም ከኮዱ ጋር አብሮ በሚሄድ አንድ ፋይል ውስጥ ተመዝግቧል። ለውጦቹ ዛሬም በአብዛኛው የሚላኩት በተራ ኢሜይል ነው። አዲስ ነገር የሚገባበት የሁለት ሳምንት ጊዜ አለ፤ እርሱ ካለፈ በኋላ ያለው ጊዜ በመሠረቱ ስህተት ማረሚያ ነው። ከ2004 ጀምሮ ላኪው ከለውጡ ግርጌ ስሙን ያሰፍራል፤ ፊርማው "ይህን ኮድ ለመስጠት መብቱ አለኝ" የሚል ቃል ነው። በመንገዱ ላይ ተቀብሎ ያሳለፈው ሁሉ ከሥሩ ይፈርማል። የገመገመው ገምግሜዋለሁ፣ የሞከረው ሞክሬዋለሁ ብሎ ስሙን ያክላል። አንድ መስመር ከአሥር ዓመት በኋላ ጉዳት ቢያደርስ፣ ማን እንደጻፈውና በማን እጅ እንዳለፈ ተጽፎ ይገኛል።

የዚህን የምዝገባ ልማድ ዋጋ ያየነው ገና ፊርማው ሳይደነገግ፣ በኖቬምበር 2003 ነው። ማንነቱ ያልታወቀ ሰው የሊኑክስ ኮድ ቅጂ ወደሚቀመጥበት አንድ ሰርቨር (ለሌሎች ኮምፒውተሮች አገልግሎት የሚሰጥ ማሽን) ሰርጎ ገብቶ ሁለት መስመር ጨመረ። መስመሮቹ ሲታዩ ተራ ጥንቃቄ ይመስላሉ፤ አንድ ፕሮግራም ሁለት የተወሰኑ አማራጮችን አጣምሮ ቢሰጥና የተጠቃሚው መለያ ቁጥር ዜሮ ቢሆን ስህተት ነው ብለህ መልስ የሚሉ ናቸው። መለያው ዜሮ የሆነ ተጠቃሚ በማሽኑ ላይ ሁሉን ማድረግ የሚችለው አዛዥ ነው። ኮዱ በተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ "እኩል ነው ወይ?" ብሎ ለመጠየቅ ሁለት የእኩል ምልክት ይጻፋል። አንድ ብቻ ከተጻፈ ጥያቄነቱ ቀርቶ ትእዛዝ ይሆናል፦ "እኩል አድርገው።" ሰርጎ ገቡ ያስቀመጠው አንድ ምልክት ነበር። ምሥጢሩን የሚያውቅ ማንኛውም ተጠቃሚ ሁለቱን አማራጮች አጣምሮ ሲሰጥ መለያው ዜሮ ይሆናል፤ የማሽኑ አዛዥ ሆነ ማለት ነው። ይህ ነገር የተያዘው አንድ ሰው የጎደለችውን ምልክት አይቶ እንዳይመስላችሁ። በቅጂው ላይ የታየው ለውጥ በዋናው መዝገብ ውስጥ የጸደቀበት ታሪክ ስላልተገኘለት ነው የተያዘው። ማን ላከው፣ ማን ተቀበለው ሲባል መልስ ጠፋ። ኮዱ ላይ ያተኮረ ክርክር ሳይጀመር መስመሮቹ ወጡ።

በ2005 ቶርቫልድስ የሠራው፣ ጊት የተባለው የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ ፕሮግራም ይህን ይበልጥ አጠነከረው። በጊት ውስጥ እያንዳንዱ ለውጥ የሚጠራበት ቁጥር ከራሱ ይዘትና ከእርሱ በፊት ከነበረው ታሪክ ተሰልቶ የሚወጣ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የገባን አንዲት ፊደል በድብቅ ልቀይር የሚል ሰው ከዚያ በኋላ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ይለወጡበታል። ይህ ግን ታሪኩ እንዳይሰረዝ ይጠብቃል እንጂ የገባው ነገር ደግ ይሁን ክፉ አይለይም። መለየቱ ለአንባቢው የተተወ ነው።

አንባቢው ሳያነብ ሲቀርስ? ይህን ከራሴ ልናገር፤ የሌላ ሰው ጥፋት መጥቀሱ ቀላል ነውና። ከአምስት ዓመት በፊት ለላይብረሪያችን ብዙ ጊዜ የሠራልን፣ ሥራው የተመሰገነ ሰው 1,400 መስመር ያለው ለውጥ ላከ። ሰዓት የሚያነበውን ክፍል በሙሉ አሻሽሎ ነው የጻፈው። ፍተሻዎቹ ሁሉ አረንጓዴ ነበሩ። እኔ ከዋናው ሥራዬ ደክሜ የመጣሁበት ምሽት ነበር፤ የመጀመሪያዎቹን 300 መስመሮች በጥንቃቄ፣ ቀጣዮቹን በዓይኔ ዳበስ እያደረግኩ፣ የመጨረሻዎቹን ጨርሶ ሳላይ "ጥሩ ነው" ብዬ አጸደቅኩት። ከሰባት ወር በኋላ የማላውቀው ሰው ጻፈልኝ። የሥራ ፈረቃ በሚመዘግበው ፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ሠራተኛ በስህተት "10:60" ብሎ ያስገባውን ሰዓት ላይብረሪያችን ምንም ሳይል ተቀብሎ 11:00 አድርጎታል። ስህተት ነው ብሎ መመለስ ሲገባው ዝም ብሎ ገምቷል።

ቦታውን ሄጄ አየሁት። ለሰከንድ የተጻፈው ሁኔታ "ከ60 ያነሰ ወይም እኩል ከሆነ ተቀበል" ይላል። ይህ ልክ ነው፤ የምድር መሽከርከርና የአቶሚክ ሰዓት እንዳይራራቁ ከ1972 እስከ 2016 ድረስ 27 ጊዜ አንድ ሰከንድ ተጨምሯል፤ በእነዚያ ጊዜያት የመጨረሻው ደቂቃ 60ኛ ሰከንድ ነበረው። ላኪው ያንኑ መስመር ገልብጦ ለደቂቃም አደረገው። 60ኛ ደቂቃ የሚባል ነገር ግን በዓለም የለም። መሆን የነበረበት "ከ60 ያነሰ" ብቻ ነው። ፍተሻዎቹ ያልያዙት ለምንድን ነው? ኮዱን የጻፈው እጅ ፍተሻውንም ስለጻፈ ነው፤ ሲጽፍ ያልታየው ነገር ሲፈትንም አልታየውም። ሌላ ሰው የሚያስፈልገው ለዚህ ነበር። ሌላው ሰው እኔ ነበርኩ፤ እኔም ያንን መስመር አላነበብኩትም። ስሜ ግን እንዳጸደቅኩት ሆኖ እስከ ዛሬ ከሥሩ ተጽፎ ይገኛል።

ከዚያ ወዲህ ከ300 መስመር የሚበልጥ ለውጥ ሲመጣ ከፋፍለህ ላክ እንላለን። ኮዱን ከቦታ ቦታ የሚያዘዋውር ለውጥና የኮዱን ጠባይ የሚቀይር ለውጥ በአንድ ላይ አንቀበልም፤ ሲደባለቁ ትንሹ በትልቁ ውስጥ ይሰወራልና። አንዳንዶች ይቀየሙናል፤ ቢቀየሙም ደንቡን አንለውጥም።

አሁን ወደ ሺህ ዓይን ልመለስ። በኤፕሪል 2014 "ሃርትብሊድ" የተባለው ቀዳዳ ይፋ ሲሆን ዓለም ደነገጠ። ኦፕን ኤስኤስኤል የተባለው፣ እጅግ ብዙ ድረ ገጾች ምሥጢር ለመጠበቅ የሚጠቀሙበት ላይብረሪ ውስጥ አንዱ ኮምፒውተር ሌላውን "አለህ ወይ? ካለህ ይህን ቃል መልስልኝ፤ ርዝመቱ ይህን ያህል ነው" የሚልበት ክፍል ነበር። ኮዱ የተባለውን ርዝመት ሳይለካ ያምናል። ቃሉ ጥቂት ፊደላት ሆኖ 64 ሺህ ነው ቢሉት፣ የጎደለውን በኮምፒውተሩ ማስታወሻ (ሜሞሪ) ውስጥ በአጠገቡ ካገኘው ነገር ሞልቶ ይልካል፤ የይለፍ ቃልም ሊሆን ይችላል፣ የምሥጢር ቁልፍም። ኮዱ ከመግባቱ በፊት አንድ ገምጋሚ አንብቦት ነበር፤ የጎደለችው ልኬት አልታየችውም። በማርች 2012 በወጣው እትም ውስጥ ገብቶ ከሁለት ዓመት በላይ ተቀመጠ። ኮዱ ለሁሉ ክፍት ነበር፤ ዓለም በሙሉ ሊያየው ይችል ነበር። ሊያየው የሚችልና ተቀምጦ የሚያየው ሰው ግን አንድ አይደሉም። ያን ላይብረሪ የሚንከባከቡት በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩ። ያንን ገምጋሚ አልወቅሰውም። በዚያ ጭነት ላይ እኔ ብሆን አየው ነበር ለማለት አልደፍርም።

ከሁሉ ይልቅ የማስበው ስለ ኤክስዜድ ነው። ኤክስዜድ ፋይል ጨምቆ የሚያሳንስ፣ በአብዛኛው ሊኑክስ ላይ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። ለዓመታት የተንከባከበው በመሠረቱ አንድ ሰው ነበር፤ በትርፍ ጊዜው፣ ያለ ክፍያ። ከ2021 ጀምሮ ጂያ ታን የሚል ስም የያዘ ላኪ ጠቃሚ የሚመስሉ ለውጦችን ይልክ ጀመር። በ2022 ደግሞ ሌሎች ስሞች እየተነሡ ተንከባካቢውን ይወቅሱት ያዙ፤ ዘግይተሃል፣ ፕሮጀክቱ እየሞተ ነው፣ ለሌላ ሰው አስረክብ የሚሉ ነበሩ። ከጀርባቸው እውነተኛ ሰዎች መኖራቸው በእጅጉ ያጠራጥራል። ሰውየው ሥራው ክፍያ የሌለው መሆኑን፣ እርሱም አቅም እንዳነሰው በግልጽ ጻፈ። በመጨረሻ ለጂያ ታን ሥልጣን አካፈለው። በ2024 መጀመሪያ በወጡት 5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች ውስጥ ከሩቅ ሆኖ ወደ ሰርቨር መግቢያ የሚሆን የጓሮ በር ተቀበረ።

አቀባበሩን ልብ በሉ። የጓሮው በር አካል የተደበቀው ለመፈተሻ በተቀመጡ፣ ሰው ከፍቶ ሊያነባቸው በማይችል የተጨመቁ ፋይሎች ውስጥ ነበር። ያንን የሚቀሰቅሰው መስመር ደግሞ ሁሉም በሚያየው መዝገብ ውስጥ ጨርሶ አልነበረም፤ ለማውረድ ታሽጎ በሚቀርበው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነበር። ለውጦቹን በጊት አንድ በአንድ ያነበበ ሰው እንኳ ያን መስመር አያገኘውም። ከዚህ ሌላ የጂያ ታንን ስም የያዘ አንድ ለውጥ ነበረ፤ ስለ እርሱ ሳስብ ዛሬም ይዘገንነኛል። ፕሮግራሙ ራሱን በጥበቃ ክልል ውስጥ የሚያደርግበት ዘዴ በማሽኑ ላይ መኖሩን የሚሞክር አጭር ኮድ ነበር። በዚያ ኮድ ውስጥ በአንድ መስመር ላይ ብቻዋን አንዲት ነጥብ ገባች። ነጥቧ ኮዱን ስለምታበላሸው ሙከራው ሁልጊዜ ይወድቃል፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ጥበቃው የለም ብሎ ያልፈዋል። አንዲት ነጥብ፣ በስተግራ የመደመር ምልክት ይዛ። ስክሪን ላይ ያረፈ አቧራ ናት ብዬ በጣቴ ልጠርጋት እችል ነበር።

የጓሮውን በር ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ ነው፤ ፖስትግሬስ በተባለው ዳታቤዝ ላይ የሚሠራ ባለሙያ። ሌላ ነገር ሲለካ ወደ ማሽኑ በርቀት መግባት የግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየበት አስተዋለ። ብዙ ሰው ትቶት ያልፍ ነበር፤ እርሱ ግን ምንጩን ፈለገ፣ ማርች 29 ቀን 2024 ለሁሉም አሳወቀ። እትሞቹ ገና ብዙ ማሽን ሳይደርሱ ተሰበሰቡ። ጸሐፊያችሁ ይህን ታሪክ የሺህ ዓይን ድል አድርገው ሊያዩት ይችላሉ። እኔ የማየው ሌላ ነው። ተንከባካቢው ብቻውን ሆኖ ሲደክም "እኔ ላንብብልህ" ያለው ሰው ሊያጠምደው የመጣው ብቻ ነበር። ያ ፕሮግራም በየቀኑ በስንት ድርጅት ማሽን ላይ ይሠራ ነበር? ከእነዚያ ድርጅቶች አንዱ በሳምንት ሁለት ሰዓት የሚያነብ ሰው ቢመድብለት ኖሮ ጂያ ታን የሞላው ክፍት ቦታ ባልነበረ።

ይህን ያነሣሁት በእኛም ላይ ስለደረሰ ነው። ላይብረሪያችንን በምርቱ ውስጥ የሚጠቀም አንድ ትልቅ ድርጅት በሠራተኛው በኩል 2,000 መስመር ላከልን። በሦስተኛው ቀን "መቼ ይገባል?" የሚል መልእክት መጣ። በሳምንቱ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ጻፈልኝ፤ ምርታቸው በእኛ ምክንያት እንደዘገየ፣ የኮዱን ወጪ እነርሱ ሸፍነው በነጻ እንደሰጡን የሚገልጽ ነበር። እንዲህ ስል መለስኩለት፦ "ኮዱን ስለሰጣችሁን እናመሰግናለን። ነገር ግን እናንተ የከፈላችሁት ለተጻፈበት ሰዓት ነው፤ የሚነበብበትን ሰዓት እየሰጠን ያለነው እኛ ከእንቅልፋችን ቀንሰን ነው። ከሠራተኞቻችሁ አንዱ የሌሎችን ለውጥ እንዲያነብልን በሳምንት አራት ሰዓት ፍቀዱለት።" ከድርጅቱ መልስ አላገኘሁም። ኮዱን የላከው ሠራተኛ ግን መልእክቱን አይቶት ኖሮ በራሱ ጊዜ የሌሎችን ለውጥ ማንበብ ጀመረ። ከአራታችን አንዱ ዛሬ እርሱ ነው። የላከው 2,000 መስመር በዘጠኝ ተከፋፍሎ ቀረበ፤ ሁለቱን ክፍሎች ራሱ እንደ ገምጋሚ ሲያያቸው አያስፈልጉም ብሎ ተዋቸው።

በቅርብ ጊዜ ደግሞ ኮዱን የሚጽፈው ማሽን ሆኗል። ሰዎች ራሳቸው ያላነበቡትን፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በደቂቃ ያወጣውን ገጽ ሙሉ ለውጥ ይልኩልናል። መሣሪያውን አልጠላሁትም፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን ጽሑፉ ያማረ፣ ማብራሪያው የተስተካከለ ስለሆነ ስህተቱን ለማግኘት ከበፊቱ የበለጠ ሰዓት ይወስዳል። "ይህን መስመር ለምን ጨመርከው?" ብዬ ስጠይቅ መልሱም ከዚያው ማሽን ተገልብጦ ይመጣልኛል። ለጠየቅሁት ጥያቄ የሚያስብ ሰው በወዲያ በኩል ከሌለ ግምገማ የሚባለው ነገር ራሱ የለም። አሁን በላይብረሪያችን ላኪው እያንዳንዱን መስመር ራሱ ሊያስረዳ የሚችል መሆን አለበት ብለን ጽፈናል።

ስለ አነጋገርም ጥቂት ልበል። በዚህ ዓለም ለረጅም ጊዜ ጭካኔ እንደ ጥራት ይታይ ነበር። ቶርቫልድስ ራሱ በሴፕቴምበር 2018 በኢሜይል ሰዎችን ይናገርበት ስለነበረው ሸካራ መንገድ ይቅርታ ጠይቆ ለጊዜው ከሥራው ገለል ብሎ ነበር። ስድብ ጥሩ ኮድ ሲያስገኝ አላየሁም። ተሰዳቢው ሁለተኛ አይልክም፤ ከላከም ጥያቄ አይጠይቅም። ከተቀበልኳቸው አስተያየቶች ሁሉ የጠቀመኝ "ይህ ክፍል አልገባኝም፤ ቀስ ብለሽ አስረጂኝ" የሚለው ነው። ላስረዳ ስጀምር ለራሴም እንዳልገባኝ ያወቅሁባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው። እምቢ ማለት ግን ያስፈልጋል። ጥሩ ሐሳብ፣ ጥሩ ኮድ ሆኖ እንኳ የምንመልሰው አለ፤ ምክንያቱም ላኪው ነገ ይሄዳል፣ ኮዱ ግን ከእኛ ጋር ይቀራል። ይህን ለአንድ ወጣት መጻፍ ከሥራዬ ሁሉ የሚከብደኝ ነው። ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ጽፌ፣ አሳድሬ ነው የምልከው።

ጽሑፋችሁ በመጨረሻ ወጣቶች "ዛሬውኑ ኮድ ጽፈው እንዲልኩ" ይመክራል። ምክሩን እንዲህ ብታስተካክሉልኝ ደስ ይለኛል፦ ከመላካችሁ በፊት የሌላ ሰው ለውጥ አንብቡ። ይህን ለማድረግ ፈቃድ አያስፈልግም። የምትጠቀሙበትን አንድ ፕሮጀክት ክፈቱ፤ ገምጋሚ አጥቶ ሳምንታት ያስቆጠረ ትንሽ ለውጥ አታጡም። ወደ ራሳችሁ ኮምፒውተር አውርዱትና አስኪዱት። ባዶ ነገር ስጡት፣ እጅግ ረጅም ነገር ስጡት፣ 0 እና 60 ስጡት። ያልገባችሁን መስመር ጠይቁ። ከዚያ "ይህን ይህን ሞክሬ ይህን አገኘሁ" ብላችሁ፣ በየትኛው ማሽንና በየትኛው እትም እንደሞከራችሁ ጨምራችሁ ከሥሩ ጻፉ። ምንም ስህተት ባታገኙም ጻፉት። በወዲያኛው በኩል ያለው ተንከባካቢ ያንን መልእክት ሲያይ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። ባለፈው ወር እንዲህ ያለ አንድ መልእክት ከማላውቀው ሰው ደርሶኝ፣ ለሦስት ሳምንት ስሸሸው የነበረውን ለውጥ በዚያው ምሽት ከፍቼ አንብቤ ጨረስኩት።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ የሶፍትዌር ባለሙያ